የመሣሪያ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ሕጉ በሪያድ፣ በኢትዮጵያና በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች

በደቡብ ሪያድ በሺፋ ሰፈርና በአካባቢው የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በአብዛኛው ሕይወታቸው በሦስት አገሮች የተከፋፈለ ነው። የሚሠሩት በሳዑዲ ዓረቢያ ነው። ወላጅና ርስት ያላቸው በኢትዮጵያ ነው። ወንድም፣ እኅት ወይም የአክስት ልጅ ደግሞ በአሜሪካ አለ። በእነዚህ ሦስት አገሮች መካከል የሚመላለስ ሰው ልብስ፣ ገንዘብና ወሬ ይዞ ሊሻገር ይችላል። የጦር መሣሪያ ግን በአንዱ አገር ሕጋዊ ንብረት፣ በሌላው የዓመታት እስራት የሚያስከትል ወንጀል ነው። በአሜሪካማ ልዩነቱ በአገሮች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ድልድይ በሚለያዩ ሁለት ክፍለ ግዛቶች፣ አልፎ ተርፎም በጎረቤት ካውንቲዎች መካከል ይታያል።

ይህ ልዩነት ከሕግ ባለሙያዎች ይልቅ ተራውን ሠራተኛ የሚነካው ብዙ ጊዜ ባለማወቅ ነው። የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ የተቀበለ ሾፌር፣ በእርሻ ወይም በእስትራሐ ጥበቃ ላይ የተሰማራ ሠራተኛ፣ ለሰርግ ወደ አገሩ የሚሄድ ወጣት፣ በዕጣ አሜሪካ የገባ ቤተሰብ ሁሉም «በዚያ ተፈቅዶ ሳለ በዚህ ለምን ይከለከላል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ሊጋፈጡ ይችላሉ። የሦስቱን አገሮች ሕግ ጎን ለጎን ማየት ለጥያቄው መልስ ይሰጣል።

ሕግ የማውጣት ሥልጣን የማን ነው?

የልዩነቱ ሥር ያለው ስለ መሣሪያ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በማን እጅ እንደሆነ በሚወስነው የመንግሥት አወቃቀር ላይ ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ አሐዳዊ ሥርዓት ያላት አገር ናት። መንግሥቱ በ13 የአስተዳደር ክልሎች የተከፋፈለ ቢሆንም የጦር መሣሪያና የጥይት ሕጉ አንድ ነው። በሪያድ የሚሠራው ሕግ በጂዛን፣ በታቡክም ሆነ በምሥራቃዊው ክልል ያው ነው። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረውም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው።

ኢትዮጵያ ፌዴራላዊ አገር ናት፤ ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ስለ ጦር መሣሪያ መያዝና መታጠቅ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። ክልሎች የራሳቸው ፖሊስ አላቸው፤ በመሣሪያ ጉዳይ ግን የተለያየ መሠረታዊ ሕግ አይኖራቸውም።

አሜሪካ ሦስተኛውን መንገድ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብትን ይደነግጋል። የፌዴራሉ መንግሥት ለመላው አገር የሚሆን ዝቅተኛ ወለል ያስቀምጣል። ከዚያ በላይ ያለውን 50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች እያንዳንዳቸው ይወስናሉ። ጥቂት ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ከሥልጣናቸው ቆርሰው ለካውንቲና ለከተማ ያካፍላሉ።

በሪያድ የሚኖር ሰው ማወቅ ያለበት

የሳዑዲ ዓረቢያ የጦር መሣሪያና የጥይት ሕግ በ1426 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በንጉሣዊ ዐዋጅ ቁጥር ም/45 የጸደቀ ነው። ሕጉ መሣሪያን በዓይነቱ ይለያል። የጦርነት መሣሪያ፣ ለግል መጠበቂያ የሚያዝ መሣሪያና የአደን መሣሪያ እያንዳንዳቸው የተለየ አያያዝና የተለየ ቅጣት አላቸው። የአደን ጠብመንጃ «ለወፍ መምቻ ነው» ተብሎ ከሕጉ አያመልጥም።

የግል መሣሪያ ፈቃድ በመሠረቱ የሚሰጠው ለሳዑዲ ዜጎች ነው። ፈቃዱ በሰውየው ስም የተመዘገበ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አይደለም። አሠሪው ፈቃድ ያለው መሆኑ ሠራተኛውን አይሸፍነውም። ከከተማ ወጣ ባለ እርሻ ወይም እስትራሐ የሚሠራ ጠባቂ «የከፊሌ ነው፤ አደራ ብሎኝ ነው» ቢል፣ መሣሪያው በእጁ ወይም በሚያድርበት ክፍል ሲገኝ ጥያቄው የሚመጣው ወደ እሱ ነው። በኢቃማ የሚኖር ሰው መሣሪያ እንዲያስቀምጥ፣ እንዲያጓጉዝ ወይም እንዲጠግን ሲጠየቅ በትሕትና እምቢ ማለት የሚገባውም ለዚህ ነው።

ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ክብደት ይለያያል። የውስጥ ጸጥታን ለማደፍረስ በማሰብ መሣሪያ በድብቅ ያስገባ ሰው እስከ 30 ዓመት የሚደርስ እስራት ወይም እስከ 300,000 ሪያል የሚደርስ የገንዘብ ቅጣት ሊፈረድበት ይችላል። እንዲህ ያለ ዓላማ ባይኖርም እንኳ ያለ ፈቃድ መሸጥ፣ መግዛት፣ መያዝና ማጓጓዝ በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። የውጭ አገር ዜጋ ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላ ከአገር መባረርና ተመልሶ የመግባት ዕድልን ማጣት ሊከተሉት ይችላሉ። ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ሠራተኛ ሲባረር ጉዳቱ በሪያድ አያበቃም፤ የሚላከውን ገንዘብ ሲጠብቁ የነበሩትንም ይደርሳቸዋል።

አደን ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። የአደን ወቅትን፣ የሚታደነውን እንስሳና የአደን ፈቃድን የሚቆጣጠረው የዱር እንስሳት ብሔራዊ ማዕከል ሲሆን ፈቃዱ ፊጥሪ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መድረክ ይሰጣል። ከሪያድ በስተሰሜን በመልሃም በየዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጭልፊትና የአደን ዐውደ ርእይ የአደን ጠብመንጃ በግልጽ ይሸጣል። ይህን ያየ ሰው መሣሪያ መግዛት ቀላል ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሽያጩ ግን የፈቃድ ሥርዓቱን ተከትሎ የሚፈጸም ነው፤ የመሣሪያው ፈቃድም የአደኑን ፈቃድ አይተካም።

የሰርግ ተኩስ በሁለቱም አገሮች

የዓረብ ባሕረ ገብ መሬትና የኢትዮጵያ ደጋ በአንድ ልማድ ይመሳሰላሉ። በደቡብ ሳዑዲ ተራራማ አካባቢዎች ጠብመንጃ ከጎራዴና ከጩቤ ጋር የጎሣ ጭፈራ ጌጥ ሆኖ ቆይቷል። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎም ሰርግ፣ ክርስትናና የጀግና ለቅሶ ያለ ተኩስ የማይደምቅበት ዘመን ነበር፤ ዛሬም ያልጠፋበት ቦታ አለ።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ግን ተመልሶ መሬት ይወርዳል። ከሰርጉ ድንኳን ርቆ በራሱ ግቢ የተቀመጠ ሰው፣ ጣራ ላይ የተኛ ሕፃን ሊመታ ይችላል። በሳዑዲ ዓረቢያ በሰርግና በመሰል ዝግጅት ላይ መተኮስ መሣሪያው ፈቃድ ቢኖረውም በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው፤ ፈቃዱ መሣሪያውን ለመያዝ እንጂ ለደስታ ለመተኮስ አይደለም። በእንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ የተገኘ የውጭ አገር ሠራተኛ ተኩሱን በስልክ ቀርጾ ከማሰራጨት፣ «እስቲ አንዴ ልሞክር» ብሎም መሣሪያ ከመንካት መቆጠብ ይገባዋል።

በኢትዮጵያ፦ ከምንሽር እስከ ዐዋጅ 1177

በአማራው ገጠር ጠብመንጃ የብረት ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የርስት ጠባቂ፣ የከብት አጋች፣ የወንድነት ማዕረግ ምልክትና ከአባት ለልጅ የሚወርድ ቅርስ ነው። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ አልቤንና ጓንዴ የሚሉት ስሞች ዛሬም በሽማግሌዎች አፍ ላይ አሉ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተሰለፈው ሠራዊት ብዙው ስንቁንና መሣሪያውን ይዞ የከተተ ገበሬ ነበር።

መሣሪያ ወደ አገር እንዳይገባ የሚደረግ ቁጥጥርም በታሪክ መራራ ትዝታ ትቷል። እ.ኤ.አ. በ1930 ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ከኢትዮጵያ ጋር በፓሪስ የተፈራረሙት ውል የአገሪቱን የመሣሪያ ግዢ በሥርዓት የሚመራ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የፋሺስት ጦር ሲዘምት ኢትዮጵያ በበቂ መታጠቅ ሳትችል ቀረች። «መሣሪያ አውርድ» የሚለው ቃል በብዙ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ከጸጥታ ማስከበር ይልቅ መከላከያ እንደማጣት የሚሰማው አንድም ከዚህ ታሪክ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ያለ ምዝገባ የሚዘዋወር መሣሪያ ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚያርፈው በባለቤቱ ጎረቤት ላይ ነው። በድንበር ጠብ፣ በደም መመላለስና በመንገድ ዝርፊያ የሚሞተው የአገሩ ሰው ነው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በቱርክ የተሠሩ ሽጉጦች በድብቅ ሲገቡ በብዛት መያዛቸው በተደጋጋሚ የተዘገበበት ወቅትም ነበር። ቀድሞ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 481 በመሣሪያ መነገድን ቢቀጣም፣ ማን በምን ሁኔታ ሊይዝ እንደሚችል የሚዘረዝር የተሟላ ሕግ አልነበረም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177ን ያጸደቀው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ዐዋጁ የቁጥጥሩን ኃላፊነት ለፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ሰጥቷል። ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወደ አገር ማስገባት፣ ማምረት፣ መሸጥ፣ ማዘዋወርና ማከማቸት ክልክል ነው። ሊያዝ የሚችለውን የመሣሪያ ዓይነትና ብዛትም ይወስናል። ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚስበው ግን ለልማድ የሰጠው ቦታ ነው። መሣሪያ መታጠቅ የቆየ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ ባለመሣሪያዎች አስመዝግበው ፈቃድ የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቷል። በዚህም ሕጉ ለመላው አገር አንድ ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ የአካባቢን ወግ ግምት ውስጥ ያስገባል። በአዲስ አበባ መርካቶ የሚኖር ነጋዴና በሰሜን ጎንደር ገጠር የሚኖር ገበሬ በአንድ ዐዋጅ ሥር ሆነው የተለያየ ጥያቄ ሊቀርብላቸው ይችላል።

ከሪያድ ለዕረፍት የሚመለስ ሰው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በውርስ የተገኘ የአባት ጠብመንጃ ቢሆንም ፈቃዱ ከአባት ወደ ልጅ በራሱ አይሸጋገርም፤ ወራሹ በስሙ ማስመዝገብ አለበት። ሁለተኛ፣ በስጦታም ይሁን በትእዛዝ ሽጉጥ፣ ጥይት ወይም የመሣሪያ ክፍል በሻንጣ ይዞ መግባት በመነሻው አየር ማረፊያም በመድረሻውም ወንጀል ነው።

በአሜሪካ፦ አንድ አገር፣ ብዙ ሕግ

በጄኔቫ የሚገኘው የአነስተኛ ጦር መሣሪያዎች ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምት፣ በአሜሪካ ሲቪሎች እጅ 393 ሚሊዮን ያህል መሣሪያ አለ። ይህም ለ100 ሰው ከ120 በላይ ማለት ነው። በዚያው ግምት ሁለተኛ የተቀመጠችው የሳዑዲ ጎረቤት የመን ስትሆን፣ ለ100 ሰው 53 ገደማ ይደርሳታል።

የፌዴራሉ ወለል በጥቂት ሕጎች ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. የ1968 ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ ለ21 ዓመት፣ ረጅም ጠብመንጃ ደግሞ ለ18 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። የ1993ቱ የብሬዲ ሕግ ገዢው የወንጀል ታሪክ እንዳለበት ከሽያጩ በፊት እንዲጣራ ያዛል። ከዚህ በላይ ያለው እንደየክፍለ ግዛቱ ነው።

በቴክሳስ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ዳላስ ጭምር፣ ዕድሜው 21 የሞላና ሕግ ያልከለከለው ሰው ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መንቀሳቀስ ይችላል። በካሊፎርኒያ ግን ገዢ መሣሪያውን ለመረከብ 10 ቀን ይጠብቃል፤ የጥቃት መሣሪያ ተብለው የተዘረዘሩ ጠብመንጃዎችም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ተከልክለዋል።

ለኢትዮጵያውያን በጣም ቅርብ የሆነው ምሳሌ የዋሽንግተን ዙሪያ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያድር፣ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳና በአሌክሳንድሪያ ዘመድ የሚጠይቅ ሰው በአንድ ቀን ሦስት የመሣሪያ ሕጎችን ያቋርጣል። በቨርጂኒያ በብዙ ቦታ መሣሪያን በግልጽ መያዝ ያለ ፈቃድ ይቻላል፤ ሸሽጎ መታጠቅ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። በሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ልዩ የብቃት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ክፍለ ግዛቱ ሌሎች የሰጡትን የመታጠቅ ፈቃድም አይቀበልም። በዋሽንግተን ዲሲ መሣሪያ በፖሊስ መመዝገብ አለበት፤ የቨርጂኒያ ፈቃድ በዚያ ዋጋ የለውም።

ካውንቲም ድርሻ አለው። ከ40 በላይ የሆኑ ክፍለ ግዛቶች ከተሞችና ካውንቲዎች የራሳቸውን የመሣሪያ ሕግ እንዳያወጡ በስፋት ይከለክላሉ። ቨርጂኒያ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በሕዝብ ሕንፃዎችና በመናፈሻዎች መሣሪያ መያዝን የመከልከል ሥልጣን ለአካባቢ አስተዳደሮች ሰጠች፤ አሌክሳንድሪያ ከተማና ፌርፋክስ ካውንቲ ወዲያው ተጠቀሙበት። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ብዙ የገጠር ካውንቲዎች አዲስ ገደቦችን እንደሚቃወሙ የሚገልጽ የአቋም መግለጫ አሳልፈው ነበር። የክፍለ ግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ መግለጫዎቹ ሕጋዊ ውጤት እንደሌላቸው አስታወቁ። በካሊፎርኒያ ደግሞ የመታጠቅ ፈቃድ የሚሰጠው በካውንቲው ሸሪፍ ወይም በከተማው የፖሊስ አዛዥ ነው። በዚህም ለረጅም ዓመታት በገጠር ካውንቲ በቀላሉ የሚገኘው ፈቃድ በሳን ፍራንሲስኮ ፈጽሞ የማይገኝ ያህል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 አመልካች «ልዩ ምክንያት» እንዲያቀርብ ማስገደድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከወሰነ በኋላ ልዩነቱ ጠብቧል፤ አልጠፋም።

ድንበር ሳያውቁ መሻገር ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2013 የደረሰ አንድ ጉዳይ ያሳያል። በፔንሲልቬንያ የመታጠቅ ፈቃድ የነበራት እናት ወደ ጎረቤት ኒው ጀርሲ ስትነዳ በትራፊክ ፖሊስ ቆመች። ሽጉጥና ፈቃድ እንዳላት ራሷ ተናገረች። ኒው ጀርሲ ፈቃዱን ስለማትቀበል ታሰረች፤ ለዓመታት እስራት በሚያበቃ ክስም ተከሰሰች። በመጨረሻ ክሱ በአማራጭ መንገድ ተቋጭቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ከክፍለ ግዛቱ አገረ ገዥ ምሕረት አገኘች። እሷ ግን የአሜሪካ ዜጋ ነበረች፤ ከአገር መባረር አላሰጋትም።

ለስደተኛ አደጋው ይከፋል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም። በጉብኝት ወይም በትምህርት ቪዛ ያለ ሰውም፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩ፣ ክልከላው ይመለከተዋል። ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት እስራት ይደርሳል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ ነገር ግን በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ካርዱን አጥቶ ሊባረር ይችላል። በተኩስ መለማመጃ ቦታ ጓደኛ ያቀበለውን ሽጉጥ ይዞ ፎቶ የተነሣ ባለ ቪዛ በገዛ ስልኩ ማስረጃ እያዘጋጀ ሊሆን ይችላል።

በተግባር ምን ይደረግ?

በሦስቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ቢሆንም ለሠራተኛና ለተጓዥ የሚበጀው ጥንቃቄ ተመሳሳይ ነው።

በሪያድ በሚከራዩት ቤት፣ በመኪና ወይም በሥራ ቦታ መሣሪያ ወይም ጥይት ያገኘ ሰው ሊነካው፣ ሊደብቀውም ሆነ ሊጥለው አይገባም። ወደ 911 ደውሎ ማሳወቅ ከጥርጣሬ ያድናል። መኖሪያ ክፍል በጋራ የሚከራዩ ሠራተኞች ባለቤቱ ያልታወቀ ሻንጣ ወይም ጥቅል በመካከላቸው እንዳይቀመጥ መስማማት ይጠቅማቸዋል።

ከማያውቁት ሰው፣ ከሚያውቁትም ቢሆን ውስጡን ሳያዩ፣ ዕቃ ተቀብሎ ከከተማ ወደ ከተማ ማድረስ አይገባም። በተለይ በጂዛን፣ በዐሲርና በነጅራን በኩል ካሉት የድንበር አካባቢዎች የሚመጣ ጥቅል በፍተሻ ኬላ ሲገኝ «የእኔ አይደለም» የሚለው ቃል ብቻውን አያድንም። ወደ አገር ቤት ከመብረር በፊትም ሻንጣን በገዛ እጅ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ በአሮጌ ቦርሳ ኪስ የተረሳ አንድ ጥይት ጉዞን ያስቀራል፣ ያሳስራልም።

ክስ የደረሰበት ሰው የአስተርጓሚ ዕርዳታ ሳያገኝ በማይገባው ቋንቋ የተጻፈ ቃል መፈረም የለበትም። ቤተሰቡም ጉዳዩን በሪያድ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ፈጥኖ ማሳወቅ አለበት።

ወደ አሜሪካ ለሚሻገረው ደግሞ ዋናው ምክር የዘመድን ልማድ እንደ ሕግ አለመቁጠር ነው። በዳላስ የሚኖር ወንድም በወገቡ የሚታጠቀው ሽጉጥ በሜሪላንድ የሚኖረውን ወንድሙን ሊያሳስር ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ መሣሪያን በክፍለ ግዛቶች መካከል ለሚያጓጉዝ ሰው ጥበቃ ይሰጣል፤ ጥበቃው የሚሠራው ግን መሣሪያው በመነሻውም በመድረሻውም ሕጋዊ ሲሆን፣ ጥይት ሳይጎርስና በተቆለፈ ቦታ ከእጅ ርቆ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

አገር ለመሣሪያ ያለው አመለካከት ከታሪኩ ይመነጫል፤ ኢትዮጵያ ዐድዋን፣ አሜሪካ አብዮቷን፣ የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት የጎሣ ዘመኑን ያስታውሳሉ። ፖሊስና ዳኛ ግን የሚጠይቁት ፈቃዱ በማን ስም፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት፣ ለየትኛው ቦታ እንደተሰጠ ነው። በሺፋ የሚኖር ሠራተኛ ለዚህ ጥያቄ የሚያሳየው ወረቀት ከሌለው፣ መሣሪያው የማንም ይሁን፣ ከእጁ መራቅ አለበት።